ማን ይገዛ ከማለታችን በፊት፦ የክለባችሁን ስብስብ ጥልቀት ራሳችሁ ገምግሙት

ዝውውር ሲከፈት ሁሉም ሰው አሰልጣኝ ይሆናል። ድራፍት ቤትም ሂዱ ቴሌግራም ላይም ግቡ ወሬው አንድ ነው፣ "አጥቂ ይግዙ"፣ "ስድስት ቁጥር (ከተከላካዮች ፊት የሚቆም አማካይ) የለንም"፣ "ያንን ልጅ ብቻ ያምጡልን"። ችግሩ ብዙዎቻችን የምናየው ስም ነው እንጂ ክፍተት አይደለም። ዩቲዩብ ላይ የ3 ደቂቃ ቪዲዮ አይተን ልጁን እንወደውና ከዛ በኋላ ቦታ እንፈልግለታለን። እስቲ አሁን በተቃራኒው እንስራው፣ መጀመሪያ ምን እንደጎደለ እንወቅ፣ ስሙ ይደርሳል። ምሳሌዎቼ ከፕሪሚየር ሊግ ናቸው ምክንያቱም ሁላችንም የምናየው እሱን ነው፣ አርሰናል ከበዛባችሁ ደግሞ ቻሉት።

የስብስብ ጥልቀት ማለት ቋሚው ሲወጣ ቦታውን በትክክል የሚይዝ ሰው መኖሩ ነው፣ አብዛኛው ሰው ግን 11ዱን ቦታ ይጽፍና በየቦታው ሁለት ሁለት ስም ይደረድራል። 22 ስም ሞላ? በቃ ጥልቀት አለን። ይሄ ስኮርት ጎማ ኋላ ተጭኗል ብሎ ንፋሱን ሳያዩ አገር አቋርጦ እንደመሄድ ነው። ስሙ መኖሩ ምንም አይነግራችሁም፣ ስለዚህ ከስሙ ጎን ደቂቃ ጻፉ።

የሊጉ ሲዝን 38 ጨዋታ ነው፣ በ90 ስታባዙት 3420 ደቂቃ ይመጣል። መለኪያችሁ ይሄ ይሁን። ትራንስፈርማርክት ወይ ሶፋስኮር የሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ግቡና እያንዳንዱ ተጫዋች ባለፈው ሲዝን በሊጉ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ገልብጡ። አንዱ 3100 ተጫውቶ የሱ ተቀያሪ የምትሉት 240 ከሆነ በዛ ቦታ ያላችሁ አንድ ተጫዋችና አንድ ስም ነው። 240 ደቂቃ ማለት እኮ አብዛኛው 80ኛው ደቂቃ ላይ 3 ለ 0 እየተመራ ወይ እየመሩ ገብቶ የተሯሯጠው ነው፣ በሱ ተነስቶ ይሄ ልጅ ለሁለት ወር ቋሚ ሆኖ ይችላል ማለት አይቻልም፣ አይችልም ማለትም አይቻልም፣ ዝም ብሎ አይታወቅም። አይታወቅም ያላችሁትን በሌላ ቀለም አክብቡት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ሲዝን ብቻ አይታችሁም አትወስኑ። ሶስት አመት ወደኋላ ሂዱና የጉዳት ታሪኩን እዩ። በየአመቱ 1500 ደቂቃ አካባቢ ብቻ የሚገኝ ተጫዋች ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በሂሳባችሁ ግማሽ ሰው ነው፣ እሱን እንደ አንድ ሙሉ ቆጥራችሁ ስታበቁ ጃንዋሪ ላይ "ጉዳት ገደለን" ብትሉ ማንም አያዝንላችሁም፣ ከመጀመሪያውም የታወቀ ነገር ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አሰልጣኙ ማንን እንደሚያምን ነው። አሁን ቤንች ላይ 9 ሰው ይቀመጣል፣ 5 መቀየር ይቻላል። ቡድናችሁ ውጤት በሚያስፈልገው ጨዋታ ላይ፣ 1 ለ 1 ሆኖ 65ኛው ደቂቃ ላይ፣ መጀመሪያ የሚነሳው ማነው? ሁልጊዜ ያው ሁለት ሰው ከሆነ፣ የቀሩት 88ኛው ላይ ሰዓት ለማቃጠል ብቻ የሚገቡ ከሆነ፣ ጥልቀታችሁ ሁለት ሰው ነው። የተቀረው ደሞዝ ነው። ይሄንን ለማወቅ የአምስት ስድስት ከባድ ጨዋታ ቅያሪ ማየት በቂ ነው።

የደቂቃው ሂሳብ ካለቀ በኋላ ወደ ሊጉ ሰንጠረዥ ሂዱ፣ ክፍተቱ የት መስመር ላይ እንደሆነ እሱ ይጠቁማችኋል። የ2024-25ን አርሰናል ውሰዱ። ሊቨርፑል በ84 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፣ አርሰናል በ74 ሁለተኛ። ሁለቱም የተሸነፉት 4 4 ጨዋታ ነው! ልዩነቱ አቻው ላይ ነው፣ አርሰናል 14 ጊዜ አቻ ወጣ፣ ሊቨርፑል 9። የገባባቸው ጎል ደግሞ አርሰናል 34፣ ሊቨርፑል 41፣ ማለትም ከኋላ አርሰናል ይሻላል። ያገቡት ግን 69 እና 86። ከዚህ በኋላ "ተከላካይ ይገዛ" የሚል ሰው ካለ ቁጥሩን አላየም ማለት ነው፣ የማይሸነፍ ግን መግደል ያቃተው ቡድን ነው።

ለምን አቃተው የሚለውን ደግሞ በወር በወር ዘርዝሩት። ሳካ ዲሴምበር ላይ ፓላስ ጋር በሃምስትሪንግ ወጣ፣ የተመለሰው ኤፕሪል ነው። ጄሱስ ጃንዋሪ 12 በኤፍኤ ካፕ ከማንዩ ጋር ጉልበቱ ሄደ፣ ዝውውሩ ገና ክፍት ነው፣ ማንም አልተገዛም። ፌብሩዋሪ መጀመሪያ መስኮቱ ተዘጋ፣ በዛው ሳምንት ማርቲኔሊ ኒውካስል ላይ ተጎዳ፣ ከዛ ቡድኑ ዱባይ ልምምድ ሄዶ ሃቨርትዝም እዛው ተጎዳ። አራት የፊት ሰው በአንዴ! ሌስተር ላይ ሜሪኖ፣ አማካይ ነው እንግዲህ፣ በ69ኛው ደቂቃ አጥቂ ሆኖ ገብቶ ሁለት አስቆጠረና ሰው ሁሉ መፍትሄ ተገኘ ብሎ ጨፈረ። በሳምንቱ ዌስትሃም ኤምሬትስ መጥቶ 1 ለ 0 አሸንፎ ሄደ፣ ቀጥሎ ከፎረስት 0 ለ 0። ሜሪኖ የሚችለውን አድርጓል፣ ክብር ይገባዋል፣ ግን የአንድ ምሽት መፍትሄ እና የሶስት ወር መፍትሄ የተለያዩ ናቸው፣ ወረቀታችሁ ላይም ለይታችሁ ጻፏቸው።

በተቃራኒው ደግሞ የዛው ሲዝን ኋላ መስመር እዩ። ጋብርኤል ኤፕሪል 1 ከፉልሃም ጋር ተጎድቶ ሲዝኑ አለቀበት፣ በሳምንቱ ሪያል ማድሪድ ይመጣል። ኪቪዮር ከሳሊባ ጎን ገባ፣ 3 ለ 0 አሸነፉ፣ በርናቦ ሄደውም 2 ለ 1። ጥልቀት ማለት ይሄ ነው፣ ቋሚው ወጥቶ የቡድኑ አጨዋወት ሳይቀየር የሚቀጥልበት ቦታ።

አሁን የኔ ምርጥ ፈተና፣ "ይውጣ" እለዋለሁ። ከ11ዱ አንድ ሰው በሃሳባችሁ አውጡና ለ10 ጨዋታ የለም በሉ፣ ማን ይገባል? እሱ ሲገባ ደግሞ እሱ የነበረበትን ማን ይይዛል? እዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው ብዙ ቡድን የሚፈርሰው። የ2020-21ን ሊቨርፑል አስታውሱ። በ99 ነጥብ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን፣ ክረምት ላይ ሎቭረንን ለዜኒት ሸጡና በምትኩ ተከላካይ አልገዙም፣ ሶስት መሃል ተከላካይ ቀረ። ከሶስቱ ሁለቱ፣ ማቲፕና ጎሜዝ፣ ጉዳት የሚያበዙ ናቸው። ወረቀት ላይ "አማካዩ ፋቢንሆም መጫወት ይችላል" ተብሎ ታልፏል፣ እውነትም ይችላል። ኦክቶበር 17 ከኤቨርተን ጋር ቫን ዳይክ ጉልበቱ ተበጠሰ፣ ኖቬምበር ላይ ጎሜዝ ከእንግሊዝ ብሄራዊ ቡድን ጋር ልምምድ ላይ ተጎዳ፣ ጃንዋሪ መጨረሻ ማቲፕ ተከተለ። ፋቢንሆ ወደኋላ ተሳበ፣ ጥሩም ተጫወተ፣ ግን መሃሉ ባዶ ሆነ። ከዛ ሌላው አማካይ ሄንደርሰንም ወደኋላ። አንድ ቀዳዳ ለመድፈን ሌላ ቦታ ሁለት ቀዳዳ ተከፈተ፣ አማካዩ ኳስ መንጠቅ አቆመ፣ ፊት ያሉት ኳስ አይደርሳቸውም፣ አንፊልድ ላይ በሊጉ 6 ተከታታይ ጨዋታ ተሸነፉ፣ አንፊልድ ላይ! በመስኮቱ የመጨረሻ ቀን ካባክን በውሰት፣ ቤን ዴቪስን ከፕሬስተን አመጡ፣ ዴቪስ አንድም የውድድር ጨዋታ ሳይጫወትላቸው ሄደ። በመጨረሻ ናት ፊሊፕስና ሪስ ዊሊያምስ በሚባሉ ልጆች ታግለው በ69 ነጥብ ሶስተኛ ወጡ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ተከላካዩን ኮናቴን ገዝተው ቀዳዳውን ሞሉት።

ስለዚህ ብዙ ቦታ መጫወት የሚችል ሰው ካላችሁ እሰየው፣ ግን ቁጥሩ ላይ አንዴ ብቻ ቁጠሩት። አንድ ሰው በሶስት ቦታ ሁለተኛ ተመራጭ ተብሎ ከተጻፈ ከሶስቱ ሁለቱ ባዶ ናቸው። እሱን በቀይ አስምሩ።

ፈተናውን ስትሰሩ ቦታ ሳይሆን ስራ አስቡ። ማን ሲቲ ሴፕቴምበር 2024 ላይ ሮድሪን ከአርሰናል ጋር ሲያጣ መሃል ላይ ሰው አልነበራቸውም? ነበራቸው፣ ኮቫቺች አለ፣ ጉንዶጋን በ33 አመቱ ተመልሷል፣ ስሙ ሞልቷል። ግን ሮድሪ የሚሰራውን ስራ፣ ኳስ ሲጠፋ መልሶ ማጥቃቱን መሃል ሜዳ ላይ ብቻውን የሚያቆመው ሰው አልነበረም። ሌላም ብዙ ጉዳት ተጨምሮበት በኦክቶበር መጨረሻና በዲሴምበር መጨረሻ መሃል ከ13 ጨዋታ ያሸነፉት አንድ ነው። በጃንዋሪው መስኮት ማርሙሽን፣ ኩሳኖቭን፣ ቪቶር ሬይስን፣ ኒኮ ጎንዛሌዝን ሲገዙ ሲዝኑ ሄዷል። ለያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ አረፍተ ነገር ስራውን ጻፉ፣ "ኳስ ከኋላ ይዞ ይወጣል"፣ "ከጀርባ ይሮጣል"፣ "የአየር ኳስ ያሸንፋል"፣ ከዛ ሁለተኛው ሰው ያንን አረፍተ ነገር ይሰራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቦታው አንድ ሆኖ ስራው የተለያየ ከሆነ አሰልጣኙ አጨዋወት መቀየር አለበት ማለት ነው፣ እሱም ዋጋ አለው።

በዛው ክረምት ደግሞ ሊቨርፑል አማካዩን ዙቢሜንዲን ሊገዛ ሄዶ ልጁ እምቢ አለ። ደጋፊው ጮኸ። አሰልጣኙ ስሎት ግራቨንበርችን ወደ ስድስት ቁጥር አወረደው፣ ዋንጫ በላ! በዛ ሲዝን ለዋናው ቡድን የመጣ የሜዳ ተጫዋች ኪዬዛ ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ አልተጫወተም። ለዚህ ነው ቅድም "አይታወቅም" ብላችሁ ያከበባችኋቸውን እንመለስባቸዋለን ያልኩት። ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያለው ሰው ቦታ ቢቀየር፣ ከአካዳሚ ያለው ልጅ 900 ደቂቃ ቢሰጠው፣ በውሰት የሄደው ቢመለስ ክፍተቱ ይሞላል ወይ? አዎ ከሆነ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይሂድ።

ውል እና እድሜ ላይ ብዙ አልቆይም ግን ሳታዩ አትለፉ። ከስም ጎን ውሉ የሚያልቅበትን አመት ጻፉ። ሁለት አመት የቀረው ሰው ይታደስ ወይ ይሸጥ የሚባልበት ጊዜ ነው፣ ስድስት ወር የቀረው ከሌላ አገር ክለብ ጋር በነፃ መነጋገር ይችላል። ሊቨርፑል 2024-25ን የጀመረው ሳላህ፣ ቫን ዳይክና ትሬንት ሶስቱም የመጨረሻ አመት ላይ ሆነው ነው፣ ሁለቱ ኤፕሪል ላይ ፈረሙ፣ ትሬንት ማድሪድ ገባ። እድሜውን ደግሞ ውሉ ሲያልቅ ስንት ይሆናል ብላችሁ አስሉት። ካሴሚሮ በ2022 ማንዩ ሲገባ 30 አመቱ ነው፣ የተሰጠው የአራት አመት ውል ነው፣ የመጀመሪያው አመት ቆንጆ ነበር፣ ቀሪውን የማንዩ ደጋፊ ይንገራችሁ።

አፍሪካ ዋንጫንም አትርሱ። ከዲሴምበር 21 2025 እስከ ጃንዋሪ 18 2026 ሞሮኮ ላይ ሲካሄድ ማንዩ ኤምቤሞን፣ አማድንና ማዝራዊን በአንዴ አጣ፣ ሶስቱም የመስመር ሰዎች ናቸው፣ ያውም በገና ሰሞን ጨዋታ በሚደራረብበት ጊዜ። ይሄ ጉዳት አይደለም ካላንደር ላይ ያለ ነገር ነው፣ ከክረምቱ ጀምሮ ሊታሰብበት የሚችል።

የምዝገባ ህጉም አለ። ፕሪሚየር ሊግ ላይ ከ21 አመት በላይ 25 ሰው ነው የሚመዘገበው፣ ከነሱ ውስጥ በአገር ውስጥ ያላደጉት ከ17 መብለጥ አይችሉም። በአገር ውስጥ ያደገ ማለት ዜግነት አይደለም፣ 21 አመት ሳይሞላው ሶስት አመት በእንግሊዝ ወይ በዌልስ ክለብ የተመዘገበ ማለት ነው፣ ስፔናዊው ፋብሪጋስ በ16 አመቱ አርሰናል ስለመጣ በዚህ ህግ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ እንደዚህ አይነት ተጫዋች 5 ብቻ ያለው ክለብ ሊስቱ 22 ላይ ይቆማል፣ አንድ ተጨማሪ በአገር ውስጥ ያላደገ ሰው ለማስገባት አንዱን ማውጣት የግድ ነው። አንዳንድ ጊዜ ክለብ ለምን ያንን ሁለተኛ በረኛ ያዘ ብለን እንስቃለን፣ ምክንያቱ እዚህ ጋ ነው ያለው፣ በአገር ውስጥ ያደገ ስለሆነ ነው።

ገንዘቡን በቀላሉ እንስራው። 60 ሚሊየን ፓውንድ የተገዛ ተጫዋች ለአምስት አመት ከፈረመ መዝገብ ላይ በአመት 12 ሚሊየን ሆኖ ነው የሚገባው። ሳምንታዊ ደሞዙ 200 ሺህ ከሆነ በአመት 10.4 ሚሊየን። ድምሩ በአመት 22.4 ሚሊየን፣ ይሄን ነው ማየት ያለባችሁ እንጂ 60ውን አይደለም። "ነፃ ዝውውር" የሚባለውም ደሞዙና የፊርማው ገንዘብ ሲደመር ነፃ አይደለም። እስከ 2025-26 ሲዝን የነበረው፣ በሶስት አመት ከ105 ሚሊየን ፓውንድ በላይ መክሰር አይቻልም ይል የነበረው ህግ ቀልድ እንዳልነበረ ደግሞ ኤቨርተንና ፎረስት በ2023-24 ነጥብ ተቀንሶባቸው አሳይተውናል። ከአካዳሚ የወጣ ልጅ ሲሸጥ ሙሉው ትርፍ ሆኖ ስለሚመዘገብ ነው ክለቦች የገዛ ልጆቻቸውን የሚሸጡት፣ ያናድዳል ግን ምክንያቱ ይሄ ነው።

አሁን ክፍተቶቹ ስላሏችሁ ደርድሯቸው። ሰው ቢጎዳም ባይጎዳም ዛሬ ቡድኑን እየጎዳ ያለው መጀመሪያ፣ አንድ ሰው ቢወጣ የሚፈርሰው ቀጥሎ፣ አመት ቆይቶ የሚመጣው መጨረሻ። ከሶስት በላይ "አስቸኳይ" ከወጣላችሁ ወይ አጋናችኋል ወይ ችግሩ የስብስብ ሳይሆን የአሰልጣኝ ነው። ለያንዳንዱ ክፍተት ስም ሳይሆን ማስታወቂያ ጻፉ፣ ለምሳሌ "ግራ እግር መሃል ተከላካይ፣ ከ22 እስከ 25 አመት፣ ግራ መስመርም የሚሸፍን፣ ላለፉት ሁለት አመት ከ2000 ደቂቃ በላይ በየአመቱ የተጫወተ፣ ተጠባባቂ ሆኖ መጀመር የሚቀበል"። የመጨረሻዋን ነጥብ አትናቋት፣ ቋሚ ካልሆንኩ የሚል ሰው ጥልቀት አይሆናችሁም፣ ኦክቶበር ላይ ወኪሉ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ከዛ በኋላ ነው ስም የሚፈለገው። ቁጥር ስታወዳድሩ በየ90 ደቂቃው ስንት እንደሚደርሰው አስልታችሁ አድርጉት፣ ከ900 ደቂቃ በታች የተጫወተውን እለፉት፣ የሊጉንም ደረጃ አትርሱ፣ ሆላንድ ላይ 20 ጎል እና እንግሊዝ ላይ 20 ጎል አንድ አይደለም።

የ2025 ክረምቱን የአርሰናል ግዢ በዚህ ወረቀት ብትፈትሹት ደስ ይላል። ፓርቴና ጆርጂንሆ ወጡ፣ ዙቢሜንዲና ኖርጋርድ ገቡ። የስተርሊንግ ውሰት አለቀ፣ ማዱዌኬ መጣ፣ ሳካ ሲጠፋ የቀኝ መስመሩን የሚይዝ። የኔቶ ውሰት አለቀ፣ ኬፓ መጣ። ዘጠኝ ቁጥር፣ ማለትም ዋና አጥቂ፣ ጊዮኬሬስ መጣ። ቶሚያሱ ወጣ፣ ሞስኬራ ገባ። ኪቪዮር ወደ ፖርቶ፣ ሂንካፒዬ ከሌቨርኩሰን በውሰት፣ መሃልም ግራም የሚጫወት። ሃቨርትዝ ገና በሲዝኑ መጀመሪያ ሲጎዳ ደግሞ ኤዜ ተጨመረ። 8 ሰው፣ ከስምንቱ ለየትኛው ቀዳዳ እንደመጣ የማይታወቅ የለም። ዋጋው በዛ አልበዛም ሌላ ክርክር ነው።

ይሄ ነገር ዳታ ለሌለው ቡድንም ይሰራል፣ ለሰፈር ቡድንም። ደብተር ይኑራችሁና ማን መጣ፣ ማን ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ማን ቀረ ብቻ መዝግቡ። አሜሪካ ያላችሁና ጁላይ ላይ ለሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ቡድን የምታዘጋጁ ልጆች ደግሞ ሂሳቡ ትንሽ ይለያል፣ እዛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨዋታው ስለሚደራረብ የሲዝን ደቂቃ ሳይሆን በሁለተኛው ቀን ማን እግሩ ይሰራል የሚለው ነው ጥያቄው። 35 አመት ያለፋቸውን ሁለት መሃል ተከላካዮች በተከታታይ ቀን አታሰልፉ፣ አንዱን ቀን አንዱ አንዱን ቀን ሌላው ይያዝ፣ አጠገባቸው የሚሮጥ ወጣት አድርጉ። በረኛ ሁለት ይኑራችሁ፣ አንዱ በረራው ዘግይቶበት ሌላ ከተማ ኤርፖርት ተቀምጦ ሊቀር ይችላል።